አንድ ሙክት፣ አሥራ ሰባት ቤት

ተናድጃለሁ። ይህን ከወዲሁ ልናገርና ይውጣልኝ። ንዴቴ ምሳ ሲበላ የሚረሳ ዓይነት አይደለም፤ ከከረመ ቆይቷል፤ እኔ ስከሳ እሱ ይወፍራል። በማን እንደተናደድኩ ብትጠይቁኝ ዝርዝር አለኝ። በአማካሪዬ፣ በታብሌቱ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ በአያ ፈንቴና በአንድ ሙክት በግ ተናድጃለሁ። ከዚያ ደግሞ በራሴ። ራሴን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ለይሉኝታ ነው እንጂ ደረጃዬስ አንደኛ ነው።

የምማረው ትምህርት “የዳታ ሳይንስና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥምር የዶክትሬት መርሐ ግብር ለሀገራዊ ልማት” ይባላል። ይህን ስም እስከ ጫፉ የሰማ ዘመድ የለኝም። ሠርግ ቤት “ምን ትማራለህ?” ይሉኛል፤ እኔ “የዳታ ሳይንስና...” ብዬ ስጀምር ዓይናቸው ወደ ድንኳኑ በር ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ያዳመጡኝ የትውልድ መንደሬ መሪጌታ ብቻ ናቸው።

“ስንት ዓመት ይፈጃል?” አሉኝ።

“አራት ነበር፤ አሁን አምስተኛዬን ይዣለሁ።”

“ስትጨርስስ ምን ልትሠራ ነው?”

“ድሀው ማን እንደሆነ በኮምፒውተር ለይቼ ለመንግሥት እነግራለሁ።”

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና “እሱንማ ድሀው ራሱ ያውቀው የለም እንዴ?” አሉ። ያን ቀን በሆዴ ሳቅሁባቸው። አምስት ዓመት የተማርኩትን በአንድ አረፍተ ነገር እንደጨረሱት የገባኝ በኋላ ነው።

አማካሪዬ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ምክንያቱም ገና ይፈርሙልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምርምራቸው ሁሉ መሠረት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ ግን አይዋሽም ይላሉ። ስለዚህ ገበሬው ቤት ትገባለህ፣ ያየኸውን በታብሌት ፎቶ ታነሳለህ፣ ትወጣለህ። “የእርስዎ ነው ወይ?” ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ከጠየቅኸው እርዳታ እንዳይቀርበት ብሎ ያለውን ይደብቃል አሉ። ከዚያ ማሽኑ ፎቶውን አይቶ ወንበሩን ወንበር፣ በጉን በግ ብሎ ይቆጥርና ይህ ቤት ድሀ ነው፣ ይህ ቤት ድሀ አይደለም ብሎ ይፈርዳል። እኔም ይህን ደንብ በደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ደደብ!

ጥናቱ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በተመረጡ መንደሮች ነበር። ዕጣ ሲወጣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል ያለችው የኔው የትውልድ መንደር ለኔ ደረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን “እዚያ ዘመድ አለኝ፤ ሌላ ሰው ይሂድ” ይል ነበር። እኔ ግን ሆዴ በደስታ ተሞላ። እዚያ አክስቴ እትዬ ብርቄ አሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ስንቅ ቋጥረው ንፋስ መውጫ ድረስ ትምህርት ቤት የላኩኝም እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያርስላቸው ስለሌለ መሬታቸውን ለሌላ አራሽ በእኩል ይሰጣሉ። የሚደርሳቸው እኩሌታ ፋሲካን ተሻግሮ አያውቅም፤ ከዚያ እስከ እሸት የሚያቆያቸው የእርዳታ ስንዴ ነው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንግዲህ።

በጥር ታብሌቴን በደረቴ አንጠልጥዬ ወረድኩ። ቀድሜ ደውዬ ስለነበር አያ ፈንቴ መንደሩ መግቢያ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። አያ ፈንቴ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀበላሉ። አሥራ ሰባቱንም ቤት ይዘውኝ ሊዞሩ ተስማማን። አንድ ጠባይ ብቻ አስቸገረኝ፤ እያንዳንዱ ደጅ ላይ ስንደርስ ቆም ይሉና ወሬ ይጀምራሉ።

“ቆይ እስቲ፣ ቤት ይጠረግ። እዚህች ደጅ ላይ አባትህ ከአንድ ውሻ ጋር ያደረገውን ላጫውትህ...”

አባቴ በሕይወት ዘመኑ ከስንት ውሻ ጋር እንደተፋለመ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሽማግሌ ሰው ጨዋታ ናፍቋቸው ይሆናል ብዬ ታገሥኩ። ወሬው ሲያልቅ ከውስጥ “ግቡ!” የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እንገባለን። ቤቱስ! አራት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር። አበባ አበባ ብርድ ልብስ የለበሰ የስፖንጅ ፍራሽ። በፀሐይ የሚሠራ ራዲዮ። ጓሮው ውስጥ ደግሞ የታሰረ፣ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ ሙክት። ቀጣዩ ቤትም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አምስተኛው ቤት ላይ እንባዬ መጣ። “ቀዬዬ አለፈለት!” አልኩ። ፎቶ አነሳሁ። መዘገብኩ።

ዘጠነኛው ቤት አካባቢ ሙክቱ ትኩር ብሎ ያየኝ ጀመር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳልጠራው ወደ እኔ መጥቶ እጄን አሸተተ።

“አያ ፈንቴ፣ በጎቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው” አልኳቸው።

“የአንድ አባት ልጆች ናቸው” አሉ፤ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

አሁን ልብ በሉ። እኔ የከተማ ልጅ አይደለሁም። በእኛ አገር የጎረቤት እንግዳ የመንደሩ ሁሉ እንግዳ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ አንዱ ብርጭቆ፣ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ምንጣፍ ያውሳል፤ እንግዳው ሲሄድ ውሰቱ ወደየቤቱ ይመለሳል። “የማን ነው?” ብሎ የሚጠይቅም፣ “የእኔ ነበር” ብሎ የሚያወራም የለም። ማታለል አይደለም፤ ጨዋነት ነው። እኔ ራሴ ስንትና ስንት ጊዜ የውሰት ብርጭቆ በጓሮ አሻግሬአለሁ! ከአምስት ዓመት የዶክትሬት ትምህርት በኋላ ግን ይህን ረስቼ፣ አያ ፈንቴ ከፊት ለፊት በወሬ ሲያቆሙኝ ባለቤታቸው ከኋላ ሙክቱን እየነዱ እንደሚቀድሙኝ መጠርጠር አቃተኝ።

አሥራ ሰባተኛው ቤት የአክስቴ ነበር። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰማያዊው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ሲያበራ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ሙክት ከየት አመጡ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደንቡ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁና ታብሌቱ ላይ “ሙክት፣ አንድ” ብዬ ነካሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ፕሮፌሰሩ ቢሮዬ ድረስ ሮጠው መጡ። ከሦስቱም አካባቢ የኔ መንደር በሀብት አንደኛ ወጥታለች። ከዚያም በላይ በመንደሩ ውስጥ በሀብታምና በድሀ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ ነው።

“ዜሮ!” አሉ ፕሮፌሰሩ። “ይህ እኮ በዓለም ላይ ያልታየ እኩልነት ነው!”

እውነታቸውን ነው፤ አንድ በግ ለአሥራ ሰባት አባወራ እኩል ሲዳረስ በዓለም ላይ አልታየም። በመጋቢት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ካርታ ተዘረጋ። ዙሪያው ቀይ ነው፤ የኔ መንደር ብቻዋን አረንጓዴ ነጥብ ሆና ትታያለች። ተጨበጨበልኝ። የእርዳታ መዝገብ ከሚይዝ አንድ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሰውዬ እጃቸውን አወጡና “ይህን ያለው ማሽኑ ነው?” ብለው ጠየቁ። ደረቴን ነፍቼ “አዎ፣ ማሽኑ ነው” አልኩ። ሰውዬው ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጫሩ። የጻፉት ምን እንደሆነ በግንቦት ታወቀ፤ መንደሩ በሙሉ ከእርዳታ መዝገብ ወጣ። በእነሱ አነጋገር “ተመረቀ” ይባላል። እኔ በአምስት ዓመት ያልተመረቅሁትን አክስቴን በአንድ ቀን አስመረቅኋቸው።

በሰኔ ደወሉልኝ። ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠየቁ። ከዚያ “ስንዴው ቀርቷል አሉን” አሉ። “በስሕተት ይሆናል። የምታውቀው ሰው ካለ ብዬ ነው እንጂ... ካልሆነም ይቅር።”

ያቺ “ካልሆነም ይቅር” አንጀቴን በላችው። ጎተራቸው ባዶ እንደሆነ፣ እሸት የሚደርሰው በመስከረም እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ፎቶዎቹን አወጣሁና ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። የሙክቱ ግራ ጆሮ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። በአሥራ ሰባቱም ፎቶ ተሰንጥቋል። የአንደኛው ወንበር እግር በሽቦ ታስሯል፤ በአሥራ ሰባቱም ቤት እግሩ በሽቦ ታስሯል። ስድስተኛው ፎቶ ላይማ ፍራሹ ራሱ በጓሮ በር በኩል እየገባ ነው፤ ግማሹ ውጭ ነው። የማሽኑ ፍርድ፦ “ፍራሽ፣ አንድ።”

ወደ ፕሮፌሰሩ ሮጥኩ። ፎቶዎቹን አዩ። ሙክቱን አዩ። “ሪፖርቱ እኮ ወጥቷል” አሉ።

“ይመለሳ!”

“አንድ መንደር ነው። አማካዩ ውስጥ ይጠፋል።”

“አማካዩ ውስጥ የሚጠፉት አክስቴ ናቸው!” ብዬ ጮህኩ።

“ስሜትህን ከዳታው ለይ” አሉኝ። ቀጥለውም መረጃው ከተሰረዘ ምዕራፍ ሦስት እንደሚሰረዝ፣ ምዕራፍ ሦስት ከተሰረዘ ዓመቱ እንደሚደገም፣ የነፃ ትምህርት ዕድሌ ደግሞ የተደገመ ዓመት እንደማይሸፍን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁና በሩን በኃይል ድርግም ላደርገው ወረወርኩት። በሩ ግን በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ የሚዘጋ ዘመናዊ በር ነው። እዚያው ቆሜ እስኪዘጋ ጠበቅሁት። በመናደድ እንኳ አልተሳካልኝም።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ፣ ንፋስ መውጫ አድሬ፣ ሚኒባስ ቀይሬ አርብ ገበያ ደረስኩ። ከዚያ በእግሬ ጭቃውን እያቦካሁ ወረድኩ። አያ ፈንቴን ገብስ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኋቸውም።

“አያ ፈንቴ፣ ያ ሙክት የማን ነበር?”

“የኔ።”

“ወንበሮቹስ?”

“የመሪጌታ ናቸው።”

“ፍራሹ?”

“የአስተማሪዋ። ራዲዮው የጤና ኬላው ዘበኛ ነው፤ እሱን እንኳ ገና አልመለስንለትም።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!”

“መች ጠየቅኸኝ?”

“መጠየቅ ክልክል ነበራ!”

አያ ፈንቴ ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። “እንግዲህ እኛ ምን እናድርግህ? የብርቄ ልጅ ተምሮ መጣ ተባልን። በባዶ ቤት እንቀበልህ? እሷስ ምን ትባል? ሙክቱንማ አርደን ልናበላህም አስበን ነበር፤ አንተ መቁጠርህን አላቆም አልክ እንጂ።”

ንዴቴን ይዤ አርብ ገበያ ወዳለው የጽሕፈት ቤቱ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለኝ።

“ማሽኑ የወሰነውን እኛ አንሽርም” አለ።

“ማሽኑን የሞላሁት እኔ ነኝ!”

“እንግዲያው ማሽኑ ትክክል ነው ማለት ነዋ፤ በባለሙያ ነው የተሞላው።”

ጠረጴዛውን ልገለብጠው ትንሽ ቀረኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረኝ። አንደኛው፣ አመልካቿ ራሳቸው የመንደሩ ጉባኤ ፊት ቆመው “ምንም የለኝም” ብለው መናገር ነው። ሁለተኛው፣ መረጃውን የሰበሰበው ሰው መረጃዬ ሐሰት ነው ብሎ በፊርማው ያረጋግጣል፤ ወረቀቱ ጉባኤ ላይ ይነበባል፤ ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲው ይላካል።

አንደኛውን መንገድ ለአክስቴ ነገርኳቸው። “ባሌን የቀበርኩ ለታ እንኳ በሰው ፊት የለኝም አላልኩም” አሉ። “ለስንዴ ብዬ ልበል? ይቅር። እንደምንም ይታለፋል።” መቀነታቸው ወገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል፤ ድሮ አንዴ ነበር የሚዞረው። ሁለተኛውን መንገድ አልነገርኳቸውም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ስለ አሥራ ሰባቱም ቤት ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ምዕራፍ ሦስትንም ዓመቱንም በአንድ ፊርማ ሸኘሁ። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ይኼኔ ነው እንግዲህ ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት፤ ከመጀመሪያው የባሰውን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ጥንቅቅ አድርጎ መጻፍ ነው፤ ጥንቅቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሙክቱ ሲጠራ መጀመሪያ ሰው ሳቀ። አያ ፈንቴም ሳቁ። አክስቴ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ።

“በእትዬ ብርቄ ቤት የታየው ወንበር የእሳቸው አይደለም። ፍራሹ የእሳቸው አይደለም። ራዲዮው የእሳቸው አይደለም። ሙክቱ የእሳቸው አይደለም። ጎተራቸው በአጥኚው ሲታይ ባዶ ነው። ከመደቡና ከአንድ የውሃ ጀሪካን በቀር በቤቱ ውስጥ የራሳቸው የሆነ ንብረት አልተገኘም።”

የሚስቅ ጠፋ። አክስቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና መሬት መሬት አዩ። እሳቸው በአንድ ቃል አልናገርም ያሉትን እኔ በአንድ ገጽ ተናግሬላቸዋለሁ፤ ያውም በማኅተም፣ ያውም በሦስት ቅጂ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስማቸው ተመለሰ። የአሥራ ስድስቱም ተመለሰ። ከዩኒቨርሲቲው ደግሞ ምዕራፍ ሦስት መሰረዙንና ዓመቱ መደገሙን የሚገልጽ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። አክስቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ድረስ “ብላ” ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ነጠላውም ከአፋቸው አልወረደም።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ላይ ስንዴ ይታደላል ተባለ። ገና በጠዋቱ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው “ተነሥ፣ ትሸከማለህ” አሉኝ። ስንዴውን ተቀበልን፤ ግማሽ ጆንያ ይሆናል። አህያ ልከራይ ስል እጄን ያዙ።

“አህያ አልፈልግም። በጀርባህ። በጓሮ መንገድ ሳይሆን በገበያው መሐል።”

“እሺ።”

“ሰው የማን ነው ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?”

“የእርስዎ ነዋ።”

“አይደለም። የኔ ነው ትላለህ። ተቸግሬ የተሰጠኝ እርዳታ ነው ትላለህ። የእኔን ለአገሩ ሁሉ አንብበሃል፤ ያንተንም አገሩ ይስማው።”

ደሜ ፈላ። አምስት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ! ምዕራፌን የሠዋሁት ለማን ሆነና ነው? ይህን ሁሉ ልናገር ዞርኩ። ነጠላው አሁንም አፍንጫቸው ላይ ነው። ጆንያውን ተሸከምኩ።

ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ገና ሽንኩርት ተራ ሳልደርስ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ አገኙኝ። “አንተ! ዶክተር ሆነ ብለውን!” አሉ። “ምንድን ነው የተሸከምከው? የማን ነው?” ወደ ኋላ አየሁ። አክስቴ አሥር እርምጃ ርቀው ቆመው፣ የማያውቁኝ መስለው ነጭ ሽንኩርት ያገላብጣሉ።

“የኔ ነው፣ መምህር። እርዳታ ነው። አልበቃ ብሎኝ።”

መምህሬ ክው አሉ። “አይዞህ” አሉና ከሸመቱት ላይ አራት ራስ ሽንኩርት ኮት ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። እንቢ እንዳልል ሁለቱም እጄ ተይዟል። ትንሽ እልፍ ስል አብራኝ የተማረች ባለ ባቄላ ጠየቀችኝ፤ ተናገርኩ፤ ከንፈሯን መጠጠችና በሌላኛው ኪሴ እፍኝ ባቄላ ሞላችልኝ። ወዲያው ወሬው ቀደመኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ መንገድ እየለቀቁ “ይህ የተማረው ልጅ እኮ ነው” ይላሉ። ፊቴ ነደደ፤ ከንዴት ይሁን ከሐፍረት መለየት አቃተኝ። አክስቴ እሑድ ዕለት የተሰማቸው ይህ እንደነበር ግን ጆንያው ሥር ሆኜ ገባኝ።

መንደር ስንደርስ አያ ፈንቴና ባለቤታቸው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ስንዴው የማን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሑድ ሲነበብ ከፊት ቆመው ነበር። አያ ፈንቴ እኔን አዩ፣ አክስቴን አዩ፣ ጆንያውን አዩ።

“የማን ስንዴ ነው?” አሉ።

“የኔ ነው፣ አያ ፈንቴ። ተቸግሬ የተሰጠኝ ነው።”

“አይ፣ ያሳዝናል” አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ላይ አንዲት የሣቅ ምልክት የለም። “ብርቄ፣ እንግዲህ አንቺው ነሽ። ልጅሽን መቼም አትጥይው።”

አክስቴ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱት።

“የወንድሜ ልጅ አይደል፣ የት እጥለዋለሁ?” አሉ፤ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ክረምቱን እኔው እያበላሁ አከርመዋለሁ።”